ዛንዚባር ለጫጉላ፦ የትኛው ዳርቻ ላይ እንረፍ?

ሙሽሪት_ጥር
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርጋችን እሑድ ጥር 25 ነው። መልሱ በማግስቱ። ማክሰኞ ጥር 27 ከቦሌ ወደ ዛንዚባር እንበራለን፤ ሰባት ሌሊት እናድራለን። ትኬቱ ተቆርጧል። የቀረን ማረፊያው ነው፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እጮኛዬ ሰሜኑን፣ ኑንግዊ የሚባለውን ይላል። የእኔን ልብ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ፓጄ አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል ወስዶታል። ፎቶው ላይ ውሃው ክፍሉ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። እህቴ በበኩሏ «ከተማው ውስጥ ሳታድሩ ዛንዚባርን አየን እንዳትሉ» ትላለች።

ሁለታችንም ከላንጋኖና ከሐዋሳ ውጭ ውሃ ዳር አድረን አናውቅም። እሱ ይዋኛል፤ እኔ እስከ ደረቴ ነው የምገባው። ጭፈራ አንፈልግም፤ ሰው ከሌለበት መቀመጥም አያምረኝም። በጀታችን ለአንድ ሌሊት እስከ 90 ዶላር ነው። እናንተ ብትሆኑ የት ታርፉ ነበር?

ቦሌ_ትኬት
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017

እንኳን ደስ አላችሁ! ሥራዬ ትኬትና ሆቴል መቁረጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ ጥንዶች ሁሌም ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ እላለሁ። ጎን ለጎን ናቸው። ባሕሩ ጠዋትም ማታም ይዋኛል። ማታ ፀሐይ ባሕሩ ውስጥ ስትገባ ታያላችሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ሰው ይበዛል፤ እሱ እውነት ነው። ግን እዚያ የላክሁት ሰው «ባሕሩ የት ሄደ?» ብሎ ደውሎልኝ አያውቅም። ከምሥራቁ በኩል ግን ተደውሎልኛል።

ዳሬሰላም_የኖርኩ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017

ቦሌ ትኬት በጨረፍታ የነካው ነገር ዋናው ነገር ነው። ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ። ዳሬሰላም ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በፈጣኑ ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ዛንዚባር ነበርኩ።

እኛ የሐይቅ ልጆች ነን። ላንጋኖ ጠዋት ትተሽው የሄድሽበት ቦታ ማታም አለ። ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ዛንዚባር ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከፍ ባለባቸው ቀናት አራት ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከአንድ ፎቅ ይበልጣል ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ውሃ መጥቶ ይሄዳል፣ በየቀኑ።

አሁን ዳርቻዎቹን ተመልከቺ። ምሥራቁ ዝርግ ነው። ማዕበሉን የሚሰብረው የኮራል አጥር፣ ባሕር ውስጥ የሚያድግ ዐለት መሰል ነገር፣ ከዳር ራቅ ብሎ ነው ያለው። በአጥሩና በአሸዋው መካከል ያለው ውሃ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ሲጎድል ጥሎሽ ይሄዳል። ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ አንዳንድ ቀን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግርሽ ብትሄጂ ውሃው ከጉልበትሽ አያልፍም። ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ግን መሬቱ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ይወርዳል። እዚያም ይጎድላል፤ ግን ጥቂት እርምጃ ነው የሚሸሽሽ።

ያየሽው ፎቶ ውሸት አይደለም። በሙላት ሰዓት የተነሳ ነው። ስድስት ሰዓት ያህል ቆይተሽ ብትመለሺ እዚያው ቦታ ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር ሣር ሲሰበስቡ ታያለሽ።

እና ምሥራቁን ተዉት ማለቴ አይደለም። ምሥራቁን እወደዋለሁ። ብቻ ጨረቃን አይተሽ ሂጂ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። ግማሽ ስትሆን ሁለቱም ይለዝባሉ። ሰዓቱም አብሮ ይዞራል። ዛንዚባር ላይ ጨረቃ በሞላች ሰሞን ባሕሩ የሚጎድለው ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ሰው ቁርሱን በልቶ ልዋኝ በሚልበት ሰዓት ማለት ነው። ጨረቃ ግማሽ በሆነች ሰሞን ግን ያን ሰዓት የሚሞላበት ነው። በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ነው የሚዞረው።

የእናንተን ቀን አየሁት። ጥር 28 ጨረቃ ግማሽ ናት። የካቲት 5 ትሞላለች። እናንተ የካቲት 4 ትመለሳላችሁ። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለምሥራቁ የተመረጡ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ለሰሜኑ። ወር ሙሉ ከፈለግሽ እንኳ ከዚህ የተሻለ ሳምንት አታገኚም።

ሙሽሪት_ጥር
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ማንም አልነገረኝም። ለእጮኛዬ አነበብኩለት፤ እሱም ቀን መቁጠሪያውን አውጥቶ ጨረቃ መቁጠር ጀመረ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ባሕሩ ሲጎድል ሰው ምን ይሠራል? ዝም ብሎ ይጠብቃል?

የሦስት_ልጆች_እናት
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017

ለዚህ ጥያቄ እኔ ልመልስ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ነሐሴ ቤተሰብ ልንጠይቅ አዲስ አበባ መጥተን፣ ልጆቹን ይዘን ጃምቢያኒ አምስት ሌሊት አደርን። የደረስነው ጨረቃ በሞላችበት ሰሞን ነው። አሁን ነው ምክንያቱ የገባኝ። በመጀመሪያው ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ባሕሩ የለም። ነጭ አሸዋ፣ አረንጓዴ ኩሬ፣ እዚያ ሩቅ ነጭ መስመር። ደነገጥኩ።

ልጆቹ ግን ሮጠው ወጡ። የአምስት ዓመቱ ልጄ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በሆነ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጎንብሶ ዋለ። ባለ አምስት ክንድ ኮከብ የሚመስል ቀይ ፍጥረት፣ ቀንድ አውጣ የሚመስል ቤት ተሸክሞ የሚሄድ ትንሽ ሸርጣን፣ እንደ ጣት ጥፍር ያለ ዓሣ። የሠፈሩ ልጆች መጥተው አሳዩት። ኮከቡን ከውሃ ማውጣት እንደማይገባ፣ አየር ላይ ከቆየ እንደሚሞት የነገሩት እነሱ ናቸው።

ሴቶቹን አየኋቸው። አጫጭር እንጨት አሸዋው ላይ ተክለው፣ በመካከሉ ገመድ ወጥረዋል። በገመዱ ላይ ትንንሽ ቁራጭ የባሕር ሣር ተራ በተራ ታስሯል። «ምዋኒ» ይሉታል። አንዷ እናት ወገቧን ይዛ ቀና አለችና ሳቀችልኝ፤ እጇ በጨው ነጭ ሆኗል። ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ለማወፈር ይጠቅማል። የሚያገኙት ገንዘብ ትንሽ ነው። ግን የራሳቸው ነው፤ ለብዙዎቹ ሴቶች የመጀመሪያው የራስ ገቢ ይሄ እንደሆነ ነገረችኝ። ገመዱን ሳትረግጡ በዙሪያው እለፉ።

ሁለት ምክር አለኝ። የውሃ ጫማ ግዙ፤ የጎማ ሶል ያለው። ድንጋዩ ውስጥ ጥቁር ጃርት የመሰለ እሾሃም ፍጥረት አለ። ትልቁ ልጄ ረገጠው። የሠፈሩ ሰዎች ያልበሰለ ፓፓያ ቆርጠው ነጩን ወተት ቀቡለት፤ በማግስቱ ሮጠ።

ሁለተኛው፣ ሆቴሉን በካርታ እዩት። እኛ የያዝነው ሆቴል «ባሕር ዳር» ብሎ ነው የሸጠልን። ስንደርስ መንገድ ተሻግሮ፣ ሁለት ግቢ አልፎ ነው። ብከራከርም ገንዘቡን አልመለሱልኝም። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሳተላይት ካርታ አጉልታችሁ በግቢውና በአሸዋው መካከል ምን እንዳለ እዩ። ከዚያ ብቻ ክፈሉ።

ነፋስ_ወዳጅ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017

ስለ ፓጄ ትንሽ ልጨምር። ፓጄ የካይት ሰርፊንግ፣ ቦርድ ላይ ቆሞ ነፋስ በሚገፋው ካይት ውሃ ላይ የመንሸራተት፣ መንደር ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ «ካስካዚ» የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ነፋሱ ሲነሣ ሰማዩ በካይት ይሞላል። እኔ የሄድኩት ለዚያው ስለሆነ ገነት ነው የሆነልኝ። ለመዋኘት ለመጣ ሰው ግን ገመዱም ቦርዱም በአጠገቡ እያፏጨ ሲያልፍ ያስደነግጣል።

ያየሽው ሆቴል ፓጄ መሐል ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ውረዱና ጃምቢያኒ እረፉ። ባሕሩ አንድ ነው፤ አሸዋውም አንድ ነው። ጸጥታው ይለያል። ማታ መብላት ወይም ሙዚቃ መስማት ካማራችሁ ፓጄ በታክሲ ቅርብ ናት። ደግሞም ጃምቢያኒ መንደር ነው። ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሆቴሉ ፊት ያልፋሉ። አንቺ «ሰው ከሌለበት አያምረኝም» ስላልሽ ነው ይሄን የምነግርሽ።

ዘሃራ_መርካቶ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017

ሙሽራዋ፣ አላህ ትዳራችሁን ይባርክ። እህትሽ እውነቷን ነው። ለስቶን ታውን፣ ለአሮጌው ከተማ፣ ሁለት ሌሊት ስጡት። እኔና ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ሄደናል። በሁለተኛው ባሕር ዳር አንድም ሌሊት አላደርንም።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካለፈ ሞላ። መኪና አይገባም። ሻንጣችሁን የሚሸከም ልጅ ሆቴሉ ይልክላችኋል። በሮቹን ቆም ብላችሁ እዩ። የተቀረጸ ወፍራም እንጨት ነው፣ ላዩ ላይ እንደ ጡት ሾጠጥ ያለ ነሐስ ተመትቶበታል። እናቴ የሐረር ልጅ ናት፤ የጀጎልን መንገድ ስለማውቅ ገና ስገባ ልቤ ሞቀ። ሁለቱም በዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ ስቶን ታውን በ2000 እ.ኤ.አ.፣ ጀጎል በ2006።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ ጆውስ ኮርነር የሚባለው መስቀለኛ መንገድ ሂዱ። ሽማግሌዎች ድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ፖለቲካ ያወራሉ። ቡና ሻጩ ከረጅም የነሐስ ጀበና በትንሿ ስኒ ይቀዳል። ስኳር የለውም፤ ዝንጅብል ይሸታል። ከጎኑ የኦቾሎኒ ጣፋጭ ይሰጣል። ባለቤቴ «ኢትዮጵያ» ሲል አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀለት። ለትልቅ ሰው ሰላምታው «ሺካሞ» ነው፤ መልሱ «ማራሃባ»። ይቺን አንዲት ቃል ያወቀ ሰው በየደጁ ይከበራል።

ማታ ፎሮዳኒ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ምግብ ይጠበሳል። ዋጋ ሳትጠይቂ ሳህን አትቀበይ። ዓሣው ሁልጊዜ የዕለቱ አይደለም። እኔ ስስ ሊጥ ውስጥ እንቁላልና የተፈጨ ሥጋ ጠቅልለው ምጣድ ላይ የሚጠብሱትን እመርጣለሁ፤ «ዛንዚባር ፒዛ» ይሉታል። የሸንኮራ ጭማቂ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ይጨመቅላችኋል።

አንድ ቦታ ግን ቀን ላይ፣ ሳትቸኩሉ ሂዱ። ምኩናዚኒ የሚባለው ሰፈር ያለው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የቆመው የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ገበያው የተዘጋው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ፤ በውስጡ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል። ከዚያ ስንወጣ ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። የጫጉላ ቦታ አይደለም የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን ደሴቷን ያለዚያ አላወቅኋትም ነበር።

አለባበስ፦ ሆቴላችሁ ዳር እንደፈለጋችሁ። ከተማና መንደር ውስጥ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። የሚኖረው ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በግድ የሚያስለብስ የለም፤ ግን ያዝናሉ። አንድ ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ከያዝሽ በቂ ነው።

ደንበል_ዙሪያ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017

ከዘሃራ ጋር አልስማማም። ስቶን ታውን ለእኔ ከበደኝ። ጥር ላይ ሙቀቱ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ አይወጣም። በየማዕዘኑ «ቅመም እርሻ ልውሰድህ፣ ኤሊ ደሴት ልውሰድህ» የሚል ልጅ ይከተልሃል። ሁለት ቀን እምቢ ስል ሰለቸኝ። ታላቁ የሱልጣን ቤት፣ ቤት አል አጃይብ የሚሉት፣ ታኅሣሥ 2013 ላይ ከፊሉ ፈርሷል። የጫጉላ ሳምንት አጭር ናት፤ በጠዋት ገብቶ ማታ መመለስ ይበቃል እላለሁ።

ዘሃራ_መርካቶ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017

ወንድሜ፣ ሙቀቱ ላይ እውነትህን ነው። ግን የቀን ጎብኚ የሚመጣው በ5 ሰዓት፣ የሚሄደው በ9 ሰዓት ነው። ያን ሰዓት የሠፈሩ ሰው ራሱ ጥላ ውስጥ ነው። ከተማዋ የምታምረው ከማለዳው አዛን በፊትና ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቂያው ሶላት፣ በኋላ ነው። ያደረ ሰው ብቻ ነው የሚያያት። የሚከተሉህን ልጆች ደግሞ «ሃፓና፣ አሳንቴ» ብለህ፣ ፈገግ ብለህ፣ ሳትቆም እለፍ። እምቢ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ቆመህ ምክንያት ስትሰጥ ነው ወሬው የሚረዝመው።

ሙሽሪት፣ ክፍሉ ማራገቢያ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣ እንዳለው ጠይቂ። እሱን ካረጋገጥሽ ሌላው ቀላል ነው።

የሰንበት_ተማሪ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017

እንኳን አደረሳችሁ፣ ትዳራችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን። አንድ ነገር እንዳይረሳ ነው የጻፍኩት። ዘንድሮ ጾመ ነነዌ ሰኞ የካቲት 3 ይገባል። የመጨረሻው ቀናችሁ ላይ ነው። የምትጾሙ ከሆነ ያን ቀን የት እንደምትሆኑ አስቡበት። ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ዓሣና እንቁላል ካልሆነ ሰላጣ ነው የሚያቀርቡላችሁ።

እኔ ሁዳዴ ላይ ለሥራ ሄጄ የዳንኩት ስቶን ታውን ውስጥ ባሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ነው። በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ቀይ ባቄላ አላቸው፤ «ማሃራጌ» ይሉታል። እርግብ አተር አለ፣ ጎመን አለ። ቻፓቲ የሚሉት ስስ ቂጣ አለ፤ ሊጡ ወተት እንዳለው ብቻ ጠይቁ። ሦስት ቃል ይዛችሁ ሂዱ፦ «ቢላ ኒያማ» ያለ ሥጋ፣ «ቢላ ማያይ» ያለ እንቁላል፣ «ቢላ ማዚዋ» ያለ ወተት። ወዲያው ይገባቸዋል። እነሱም የሚጾሙ ሰዎች ስለሆኑ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ቦሌ_ትኬት
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017

ወረቀቱን በተመለከተ ባጭሩ። የቢጫ ወባ ካርድ ያዙ፤ ከእኛ አገር ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል። ካለፈው መስከረም 21 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ የዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽንን የጉዞ መድን መግዛት አለበት። ዋጋው 44 ዶላር ነው፣ በኢንተርኔት ይከፈላል። ሌላ መድን ቢኖራችሁም ይሄ አይቀርም። ቪዛውን በኢንተርኔት አሁኑኑ አመልክቱ፤ ለሰርጉ ሳምንት አታቆዩት። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ አብሮ ከሄደ የእሱ ቪዛ 100 ዶላር ነው።

ዳሬሰላም_የኖርኩ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017

ሰዓትን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር አለ። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ «ሳ ሞጃ»፣ አንድ ሰዓት ነው። ሹፌሩ «ሳ ንኔ» ካለሽ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለቱ ነው። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይነግርሻል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዢ «በስዋሂሊ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የአውሮፓ እንግዶች በዚህ ጉዳይ ጀልባ ሲያመልጣቸው አይቻለሁ። ለእኛ ግን አገራችን የገባን ያህል ነው።

ሙሽሪት_ጥር
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017

ሁላችሁንም አነበብን፤ ሁለታችንም። ያሰብነው ይሄ ነው። ጃምቢያኒ ሦስት ሌሊት፣ ኬንድዋ ሁለት፣ ስቶን ታውን ሁለት። ሦስት ቦታ ይበዛ ይሆን?

የሦስት_ልጆች_እናት
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017

ከልጆች ጋር ቢሆን አዎ እልሽ ነበር። በእያንዳንዱ ለውጥ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ማሸግ፣ መክፈል፣ ክፍል እስኪዘጋጅ መጠበቅ። በተለይ ከጃምቢያኒ ኬንድዋ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ጫፍ ነው። እኔ ብሆን ኬንድዋን ትቼ ጃምቢያኒን አምስት አደርገው ነበር። ሰርግ ያደክማል፣ ልጄ። አንድ ቦታ ተኙ።

ዳሬሰላም_የኖርኩ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017

እትዬ ያሉት ልክ ነው፣ ድካሙ አለ። ግን ጨረቃዋ እየሞላች ስትሄድ ጃምቢያኒ ጠዋት ጠዋት ይደርቃል፤ እጮኛዋ ደግሞ ዋናተኛ ነው። ኬንድዋ ሁለት ቀን ቢያገኝ እረፍቱ ሙሉ ይሆንለታል። ሹፌሩን ቀድማችሁ ያዙና መንገድ ላይ ጆዛኒ ጫካ አቁሙ። ቀይ ጀርባ ያላቸው፣ ሌላ አገር የማይገኙ ጦጣዎች ከራሳችሁ በላይ ይዘላሉ። እንዲያ ካደረጋችሁት መንገዱም እንደ አንድ ቀን ጉብኝት ይቆጠራል። ከተማውን መጨረሻ ማድረጋችሁ ጥሩ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፣ ነነዌም እዚያው ይገባል።

ሙሽሪት_ጥር
የካቲት 9 ቀን 2017

ተመልሰናል። ቃል የገባሁትን ልጻፍ።

ጃምቢያኒ በነጋታው ጠዋት በ3 ሰዓት በረንዳው ላይ ወጣሁ። ባሕሩ ሞልቷል፤ ከግቢው አጥር ሃያ እርምጃ። ጋሼ የነገሩን ልክ ነበር። በየጠዋቱ እስከ ምሳ ድረስ ውሃው ውስጥ ነበርን። እኔ እስከ ደረቴ ነበር የምገባው፤ በሦስተኛው ቀን እሱ እጄን ይዞኝ በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ሰማዩ ብቻ ቀረ። ያቺን ደቂቃ እስካሁን አልረሳኋትም።

ከሰዓት ውሃው ይሸሻል፤ ግን እንደፈራሁት አልራቀም። ያን ጊዜ መንደሩ ውስጥ ሄድን። በየግቢው የባሕር ሣር በኮኮናት ቅጠል ላይ ተሰጥቷል፤ እኛ ጋ ብቅል እንደሚሰጣው። ሽታው መጀመሪያ ይከብዳል። አንዲት ትልቅ እናት ደጃቸው ላይ ገመድ ይገምዱ ነበር። «ሺካሞ» አልኳቸው። «ማራሃባ» አሉኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የሣሩን ቁራጭ እንዴት እንደሚያስሩ አሳዩኝ፤ ላላ ያለ ቋጠሮ፣ ሲያድግ እንዳይታነቅ። አምስት ጊዜ ሞክሬ አንዱ ብቻ ትክክል ሆነ። እሱን ከሌሎቹ ጋር ገመዱ ላይ ተዉት።

ኬንድዋ ባሕሩ ውብ ነው። ሙዚቃው በዛብን። ባለቤቴ ግን ቀኑን ሙሉ ከውሃ አልወጣም፤ ለእሱ ስል ደስ ብሎኛል።

ስቶን ታውን አንድ ቀን ቢጨመር ኖሮ እላለሁ። ክፍሉ ማቀዝቀዣ ነበረው፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ ዘሃራ። ሰኞ ጾሙ ሲገባ ገበያው ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ማሃራጌ በቻፓቲ በላን። ባለቤቲቱ «ቢላ ማያይ» ስንላት ለምን እንደሆነ ጠየቀችን። ባለቤቴ በእጁ ሦስት ጣት አሳይቶ «ሦስት ቀን ጾም» አላት። ሁለተኛ ሳህን አምጥታ አላስከፍልም አለች።

የውሃ ጫማውን ለእህቴ ሰጠኋት፤ ለሚቀጥለው ዓመት።

ገርጂ_አዲሱ
የካቲት 11 ቀን 2017

ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኛ ለፋሲካ ሚያዝያ 12 ሰሞን ልንሄድ አስበናል። ያው ጃምቢያኒ ይሻላል?

ዳሬሰላም_የኖርኩ
የካቲት 11 ቀን 2017

ወንድሜ፣ ያን ሰሞን «ማሲካ» ነው፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት የሚወርደው ዋናው ዝናብ። የባሕር ዳር ሆቴሎች አንዳንዶቹ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይዘጋሉ። ክፍት ያሉት በግማሽ ዋጋ ይሰጡህ ይሆናል፤ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከክፍል ላትወጣ ትችላለህ። ቀኑን መቀየር የማትችል ከሆነ ስቶን ታውን እረፍ፤ ዝናብ ሲይዝህ የምትጠለልበት ደጅ አለ።

መቀየር ከቻልክ ሰኔ አጋማሽ አድርገው። ያኔ ነፋሱ «ኩሲ» ነው፣ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል። ጃምቢያኒ ፊት ለፊቱ ነው የሚቀበለው፤ ኬንድዋ ከጀርባው ይጠለላል። ቀኑን ስትወስን እዚሁ ጻፍልኝ፤ ጨረቃዋን አይቼ እነግርሃለሁ።